ራን እና የኒውክለስ በር፦ ፕሮቲኖች ወደ ኒውክለስ ስለሚገቡበት መንገድ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዳማ ውስጥ የአንደኛና የሁለተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪዎችን ማታ ማታ አስጠናለሁ። ስለ ሕዋስ በምንማርበት ወቅት ሳይጠየቅ የማያልፍ አንድ ርዕስ አለ፤ እሱም ፕሮቲኖች ወደ ኒውክለስ እንዴት እንደሚገቡና «ራን» የሚባለው ትንሽ ፕሮቲን በዚህ ጉዳይ ላይ ምን ድርሻ እንዳለው ነው። ተማሪዎቹ ሥዕሉን በደብተራቸው ይዘው ይመጣሉ፤ ቀስቶቹንም በቃላቸው ያውቋቸዋል፤ ቀስቱ ለምን ወደዚያ እንደዞረ ሲጠየቁ ግን ዝም ይላሉ። የሚከተሉት መልሶች የተጻፉት ለዚያ ዝምታ ነው።

ኒውክለስ በር ለምን አስፈለገው?

በእንስሳትና በዕፅዋት ሕዋስ ውስጥ ዲ ኤን ኤ በድርብ ሽፋን ተከብቦ ይቀመጣል፤ ፕሮቲን የሚሠሩት ራይቦሶሞች ግን ሥራቸውን የሚያከናውኑት ከሽፋኑ ውጭ፣ በሳይቶፕላዝም ነው። ስለዚህ ዲ ኤን ኤን የሚቀዱት፣ የሚጠግኑትና የሚጠቀልሉት ፕሮቲኖች ሁሉ ውጭ ተሠርተው ወደ ውስጥ መግባት አለባቸው፤ ውስጥ የተቀዳው መልእክተኛ አር ኤን ኤም በተራው መውጣት አለበት። ይህ ሁሉ ምልልስ የሚካሄደው በኒውክለስ ቀዳዳዎች በኩል ነው። በአንድ የአጥቢ እንስሳ ሕዋስ ኒውክለስ ላይ ብዙውን ጊዜ 2,000 ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ቀዳዳዎች ይገኛሉ።

ቀዳዳ ስንል ባዶ ሽንቁር ማለታችን አይደለም። እያንዳንዱ ቀዳዳ ወደ 30 ከሚጠጉ የፕሮቲን ዓይነቶች የተገነባ፣ እያንዳንዱም ዓይነት በብዙ ቅጂ ስለሚደጋገም በጠቅላላው በመቶዎች የሚቆጠሩ ፕሮቲኖችን የያዘ፣ ከላይ ሲታይ በስምንት ተመሳሳይ ክፍሎች የተከበበ ቀለበት የሚመስል ግዙፍ መዋቅር ነው። መተላለፊያውን የሚሞሉት ፌኒልአላኒንና ግላይሲን የተባሉት አሚኖ አሲዶች ጎን ለጎን ሆነው የሚደጋገሙባቸው ልል የፕሮቲን ክሮች ናቸው። ዝንብ እንዳይገባ በምግብ ቤት በር ላይ የሚሰቀለውን የዶቃ መጋረጃ አስቡት፤ ሰው ገልጦት ያልፋል፣ ዝንቡ ግን ይመለሳል። የቀዳዳው መጋረጃ ልዩነቱ የሚከለክለው ትንሹን ሳይሆን ትልቁን መሆኑ ነው።

ትንንሽ ፕሮቲኖች ያለ አጃቢ ያልፋሉ ማለት ነው?

አዎን፤ ከ40 ኪሎዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ ነው) ገደማ በታች የሆኑት በራሳቸው ስርገት፣ ማለትም ማንም ሳይገፋቸው ወዲህ ወዲያ በመዋለል፣ ሊያልፉ ይችላሉ። መጠኑ ከዚያ እየጨመረ ሲሄድ ማለፉ እየዘገየ ይመጣና በመጨረሻ የማይቻል ይሆናል። ሆኖም «ይችላሉ» ማለት «በዚያ መንገድ ይሄዳሉ» ማለት አይደለም። ዲ ኤን ኤ የሚጠቀለልባቸው ሂስቶኖች በመጠናቸው ከዚህ ወሰን በእጅጉ ያነሱ ቢሆኑም ወደ ኒውክለስ የሚገቡት በአጓጓዥ ታጅበው ነው፤ ሕዋሱ እነሱን የሚፈልጋቸው በብዛትና በጊዜው ስለሆነ በዕድል እስኪደርሱ አይጠብቅም።

አንድ ፕሮቲን ወደ ኒውክለስ መግባት እንዳለበት በምን ይታወቃል?

በራሱ ሰውነት ላይ በተጻፈ አድራሻ ይታወቃል። ከአድራሻዎቹ ሁሉ ይበልጥ የተጠናው ኤስ ቪ 40 የተባለው ቫይረስ በሚሠራው ትልቁ ቲ አንቲጅን በተባለ ፕሮቲን ላይ የሚገኘው ሲሆን፣ እሱም ፕሮሊን፣ ሦስት ላይሲኖች፣ አርጂኒን፣ እንደገና ላይሲንና ቫሊን በተርታ የተደረደሩበት የሰባት አሚኖ አሲዶች ቅንጥብ ነው። በ1984 እ.ኤ.አ. የወጡት ሥራዎች እንዳሳዩት፣ ከእነዚህ ላይሲኖች አንዱ ብቻ በሌላ ሲተካ ያ ግዙፍ ፕሮቲን ሳይቶፕላዝም ውስጥ ይቀራል፤ ቅንጥቧ ከኒውክለስ ጋር ጉዳይ በሌለው ሌላ ፕሮቲን ላይ ስትቀጠል ደግሞ ያ ፕሮቲን ወደ ኒውክለስ ይገባል። ሌሎች አድራሻዎች በሁለት ክፍል የተከፈሉ፣ በመካከላቸውም ወደ አሥር የሚጠጉ አሚኖ አሲዶች ያሉባቸው ናቸው።

ይህ አድራሻ ከገባ በኋላ አይቆረጥም። ወደ ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም (በሳይቶፕላዝም ውስጥ ያለ የሽፋን መረብ) የሚሄዱ ፕሮቲኖች አድራሻ ብዙውን ጊዜ ከደረሱ በኋላ ተቆርጦ ስለሚጣል፣ ተማሪዎች ሁለቱን ደጋግመው ያምታታሉ። የኒውክለሱ አድራሻ የማይቆረጥበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ሕዋስ በሚከፈልበት ጊዜ የኒውክለስ ሽፋን ፈርሶ ፕሮቲኖቹ ስለሚበተኑ፣ አዲሱ ሽፋን ሲሠራ እንደገና መግባት ይኖርባቸዋል። ፕሮቲኖች አድራሻቸውን በራሳቸው ላይ ይዘው ይጓዛሉ የሚለው ግኝት ለጉንተር ብሎበል በ1999 እ.ኤ.አ. የፊዚዮሎጂ ወይም ሕክምና የኖቤል ሽልማትን አስገኝቷል።

ራን ምንድን ነው?

ራን 216 አሚኖ አሲዶች ያሉት፣ ክብደቱ 25 ኪሎዳልተን ገደማ የሆነ፣ «ራስ» ከሚባለው የትንንሽ ጂ ፕሮቲኖች ወገን የሆነ ምልክት ሰጪ ፕሮቲን ነው። በነገራችን ላይ ይህ «ራስ» ከእኛው ማዕረግ ጋር ዝምድና የለውም፤ ስያሜው የመጣው ሳርኮማ ከተባለ የአይጥ ዕጢ ነው። የዚህ ወገን ፕሮቲኖች ሁሉ የሚሠሩት በአንድ መላ ነው፤ ጂ ቲ ፒ (ሦስት ፎስፌቶች ያሉት ኃይል ያዥ ትንሽ ሞለኪውል) ሲይዙ አንድ ቅርጽ፣ ጂ ዲ ፒ (ያው ሞለኪውል አንድ ፎስፌት ሲጎድለው) ሲይዙ ሌላ ቅርጽ ይኖራቸዋል፤ ከየትኛው ፕሮቲን ጋር እንደሚጣበቁ የሚወስነውም ያ ቅርጽ ነው።

ራን ብቻውን ከተተወ ከአንዱ ቅርጽ ወደ ሌላው የሚሸጋገረው እጅግ በዝግታ ነው። ስለዚህ ሁለት ረዳቶች አሉት። አንደኛው አር ሲ ሲ 1 የተባለው ሲሆን፣ ራን የያዘውን ጂ ዲ ፒ እንዲለቅ ያደርገዋል። በሕዋስ ውስጥ ጂ ቲ ፒ ከጂ ዲ ፒ በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ ባዶውን ቦታ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ጂ ቲ ፒ ነው። ሁለተኛው ራንጋፕ ሲሆን፣ ራን በያዘው ጂ ቲ ፒ ላይ ያለችውን የመጨረሻዋን ፎስፌት ቆርጦ ወደ ጂ ዲ ፒ እንዲለውጠው ያፋጥነዋል። አር ሲ ሲ 1 «ፎስፌት ይጨምራል» ብሎ መጻፍ በፈተና ወረቀት ላይ በብዛት የማየው ስሕተት ነው፤ የሚደረገው መለዋወጥ እንጂ መጨመር አይደለም።

አቅጣጫውን የሚወስነው ታዲያ ማን ነው?

የርዕሱ እምብርት እዚህ ላይ ነው። አቅጣጫውን የሚወስነው ራን ራሱ አይደለም፣ ቀዳዳውም አይደለም፤ የሚወስነው የሁለቱ ረዳቶች መቀመጫ ነው። አር ሲ ሲ 1 ክሮማቲን ላይ፣ ማለትም ሂስቶኖችና ዲ ኤን ኤ ላይ ተጣብቆ ስለሚኖር ኒውክለስ ውስጥ ብቻ ይገኛል። ራንጋፕ ደግሞ የሚኖረው በሳይቶፕላዝም ነው፤ በእኛና በሌሎች አከርካሪ እንስሳት ሕዋስ ውስጥ ከፊሉ ሱሞ የተባለች ትንሽ ፕሮቲን ተለጥፋበት ከቀዳዳው ውጫዊ ክሮች ጋር ይታሰራል፤ ደጃፉ ላይ ይቆማል ማለት ነው። በዚህም የተነሳ ኒውክለስ ውስጥ ያለ ራን በአብዛኛው ጂ ቲ ፒ የያዘ፣ ውጭ ያለው ደግሞ በአብዛኛው ጂ ዲ ፒ የያዘ ይሆናል።

የአዳማ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ የሚጓዝ ሾፌር መግቢያው ላይ ካርድ ይቀበላል፣ መውጫው ላይ ካርዱን መልሶ ይከፍላል። እንግዲህ ካርድ የያዘ መኪና ካያችሁ፣ ምንም ምልክት ማንበብ ሳያስፈልጋችሁ መኪናው መንገዱ ውስጥ እንዳለ ታውቃላችሁ፤ ካርድ የሌለው ደግሞ ከመንገዱ ውጭ ነው። መንገዱን እንደ ኒውክለስ፣ ካርዱን እንደ ጂ ቲ ፒ፣ ካርድ ሰጪዋን እንደ አር ሲ ሲ 1፣ ተቀባይዋን እንደ ራንጋፕ ውሰዷቸው። አጓጓዥ ፕሮቲኖች ዓይን የላቸውም፤ ውስጥ ይሁኑ ውጭ የሚያውቁት ያገኙት ራን ካርድ መያዙን ወይም አለመያዙን በመለየት ብቻ ነው። ምሳሌው የሚጎድለው በአንድ ነገር ነው፤ በመንገዱ ላይ ክፍያው እንደ ርቀቱ ይለያያል፣ በሕዋስ ውስጥ ግን ለእያንዳንዱ ራን የሚከፈለው ምንጊዜም አንድ ጂ ቲ ፒ ነው።

አንድ ጭነት ከተነሳበት እስከሚራገፍበት ድረስ ምን ይገጥመዋል?

ጭነቱን፣ ማለትም የሚገባውን ፕሮቲን፣ ሳይቶፕላዝም ውስጥ መጀመሪያ የሚያውቀው ኢምፖርቲን አልፋ የተባለው አጓጓዥ ነው፤ አድራሻውን ይይዛል። ኢምፖርቲን አልፋን ደግሞ ኢምፖርቲን ቤታ ይይዘዋል። የቀዳዳውን መጋረጃ ገልጦ የሚያልፈው ኢምፖርቲን ቤታ ነው፤ በጀርባው ላይ ያሉት ጎድጓዳ ስፍራዎች የፌኒልአላኒኖቹን ክሮች ለአፍታ እየያዙ እየለቀቁ ስለሚሄዱ፣ ሦስቱ ተያይዘው ጥቂት ሚሊሰከንዶች በሚወስድ ጊዜ ውስጥ ያልፋሉ። አንድ ቀዳዳ በሰከንድ እስከ 1,000 የሚደርሱ ጉዞዎችን ሊያስተናግድ እንደሚችል ተለክቷል።

ወዲያ ማዶ ሲደርሱ ጂ ቲ ፒ የያዘ ራን ይጠብቃቸዋል። ራን ኢምፖርቲን ቤታ ላይ ሲጣበቅ ቅርጹን ስለሚለውጠው፣ ቤታ አልፋን ይለቃል። የአልፋ አንድ ክንድ ደግሞ ቤታ ሲለቀው ተመልሶ የአድራሻውን ማረፊያ ስለሚሸፍን ጭነቱ በቀላሉ ይወርዳል። ተማሪዎች ሥዕሉን ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ይጨርሱታል፤ ነገር ግን ግማሹ መንገድ ገና ቀርቷል፤ የጫነውን ያራገፈ አጓጓዥ ወደ መነሻው ካልተመለሰ ሥራው በአንድ ጉዞ ይቆማልና። ቤታ ራንን እንደያዘ ይወጣል። አልፋ ግን ብቻውን መውጣት ስለማይችል ካስ የተባለ ሌላ አጓጓዥ፣ እሱም ጂ ቲ ፒ ከያዘ ሌላ ራን ጋር ተጣምሮ፣ ተሸክሞት ይወጣል። ውጭ ሲደርሱ ራንጋፕና አጋዦቹ ጂ ቲ ፒውን ያስቆርጡታል፣ ራን ይላቀቃል፣ አጓጓዦቹም ለሚቀጥለው ጭነት ነፃ ይሆናሉ። ስለዚህ በዚህ መንገድ ለሚገባ ለአንድ ጭነት ሁለት ጂ ቲ ፒ ይከፈላል።

ራን በየጉዞው የሚወጣ ከሆነ ኒውክለስ ውስጥ እንዴት አያልቅም?

ኤን ቲ ኤፍ 2 የተባለ የራሱ ልዩ አጓጓዥ ስላለው ነው። ይህ አጓጓዥ ጂ ዲ ፒ የያዘውን ራን ብቻ ይዞ ያስገባል፤ ውስጥ አር ሲ ሲ 1 ጂ ዲ ፒውን ሲያስለቅቀው ራን ከኤን ቲ ኤፍ 2 ይላቀቃል። ራን በመጠኑ ትንሽ ስለሆነ በራሱም ሊሰርግ ይችል ነበር፤ በየደቂቃው የሚወጣው ብዛት ግን ያንን ዝግታ አይታገስም።

ጂ ቲ ፒ ጭነቱን በቀዳዳው ውስጥ ይገፋዋል?

አይገፋውም። በየዓመቱ ይህን ጥያቄ ስጠይቅ ከክፍሉ አብዛኛው «ይገፋል» ብሎ እጁን ያወጣል፤ ኃይል የሚከፈልበት ነገር ሁሉ ሞተር ስለሚመስል አይፈረድባቸውም። በቀዳዳው ውስጥ ማለፉ ራሱ ግን ስርገት ነው፤ ወዲህም ወዲያም ይሆናል። ክፍያው የሚፈጸመው ጉዞው ካለቀ በኋላ፣ ውጭ፣ ጂ ቲ ፒው ሲቆረጥ ነው፤ የሚገዛውም ነገር ግፊት ሳይሆን በውስጥና በውጭ መካከል ያለው ልዩነት ጸንቶ መቆየቱ ነው።

ይህን የሚያረጋግጠው ሙከራ ቀላልና የሚያምር ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ሽፋናቸው በተሸነቆረ ሕዋሳት ላይ የራንን ስርጭት ገለበጡት፤ ጂ ቲ ፒውን መቁረጥ የማይችል፣ 69ኛው አሚኖ አሲዱ ከግሉታሚን ወደ ሊውሲን የተለወጠ ራን ከውጭ በብዛት ጨመሩ። የአጓጓዡ አቅጣጫ ተገለበጠ፤ ወደ ውስጥ ይሄድ የነበረው ጭነት ወደ ውጭ ሄደ። ቀዳዳው ያው ቀዳዳ፣ አጓጓዡም ያው አጓጓዥ ነበር።

እኔ ይህን በክፍል ውስጥ በወረቀት ቁራጭ አሳየዋለሁ። ወለሉ ላይ በጠመኔ መስመር ይሰመራል፤ ከመስመሩ ወዲያ የቆመችው ተማሪ ቢጫ ወረቀት ታድላለች፣ ወዲህ የቆመው ቢጫውን እየቀደደ ግማሹን ይመልሳል፤ ቦርሳ የተሸከሙት ደግሞ ቢጫ የያዘ ሰው ሲያገኙ ቦርሳውን እንዲጥሉ፣ ቢጫ ሳይነካቸው ቦርሳ ሲያገኙ እንዲያነሱ ብቻ ይነገራቸዋል፤ ወዴት እንደሚሄዱ የሚነግራቸው የለም። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ቦርሳዎቹ ሁሉ ወዲያ ማዶ ይከመራሉ። ከዚያ አዳይዋንና ቀዳጁን ቦታ አቀያይራቸዋለሁ። ቦርሳዎቹ ተመልሰው ሲመጡ የሚነሳው ሳቅ ከማንኛውም ማስታወሻ የተሻለ ያስረዳል። አንድ ዓመት ግን እኔው ራሴ ሰሌዳው ላይ አር ሲ ሲ 1ን ከኒውክለስ ውጭ ስዬ ስለነበር፣ ቦርሳዎቹ ከጅምሩ ወደ ተሳሳተው ወገን ተከመሩ፤ ስሕተቴን ያወቅሁትም ከቦርሳዎቹ ነው።

መውጣትስ በዚሁ መንገድ ነው?

በዚሁ መንገድ ነው፤ ግን ደንቡ ይገለበጣል። ኤክስፖርቲኖች፣ ማለትም ወደ ውጭ የሚያወጡ አጓጓዦች፣ ጭነታቸውን የሚይዙት ጂ ቲ ፒ ከያዘ ራን ጋር ሆነው ነው፤ ሦስቱ አብረው ይወጣሉ፣ ውጭ ጂ ቲ ፒው ሲቆረጥ ይበታተናሉ። ከኤክስፖርቲኖች ዋነኛው ሲ አር ኤም 1 ሲሆን፣ ሊውሲን የበዛባቸውን የመውጫ አድራሻዎች ያነባል። ኤች አይ ቪም ይህንኑ በር ይጠቀማል፤ ሬቭ የተባለው ፕሮቲኑ ሲ አር ኤም 1ን ይዞ ያልተቆራረጠውን የቫይረሱን አር ኤን ኤ ከኒውክለስ ያወጣል። ሌፕቶማይሲን ቢ የተባለው ውሕድ ሲ አር ኤም 1ን አጥብቆ በመያዝ ያግደዋል፤ በዚሁ ሐሳብ ላይ የተመሠረተው ሴሊኔክሰር የተባለ መድኃኒት በ2019 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለመልቲፕል ማየሎማ፣ ማለትም ለአንድ ዓይነት የደም ካንሰር፣ እንዲውል ተፈቅዷል።

የራን ሚና እንዴት ተደረሰበት?

ዲጂቶኒን በተባለ ውሕድ አማካይነት ነው። ዲጂቶኒን ኮሌስትሮል የበዛበትን የሕዋሱን ውጫዊ ሽፋን ይሸነቁራል፣ የኒውክለስን ሽፋን ግን ብዙም አይነካውም። በ1990 እ.ኤ.አ. በወጣው በዚህ ዘዴ የሳይቶፕላዝሙ ፈሳሽ ታጥቦ ሲወጣ፣ ጭነት ወደ ኒውክለስ መግባቱን ያቆማል፤ ፈሳሹ ተመልሶ ሲጨመር እንደገና ይጀምራል። ከዚያ በኋላ የቀረው ፈሳሹን እያጣሩ የትኛው ክፍል ሥራውን እንደሚመልሰው መፈለግ ነበር፤ በ1993 እ.ኤ.አ. ሁለት ቡድኖች ለየብቻቸው ራን ላይ ደረሱ፣ በቀጣዩም ዓመት ኢምፖርቲን ተገኘ። የእነዚህ ሙከራዎች ውበት መሣሪያ የማያበዙ መሆናቸው ነው ብዬ አምናለሁ።

ሕዋሱ ምልክት ሲደርሰው ይህን ስርዓት ሊያዝበት ይችላል?

ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ የሚያዘው ግን ራንን ሳይሆን የጭነቱን አድራሻ በመሸፈንና በመግለጥ ነው። ኤንፋት የተባለው ጂን አንቀሳቃሽ ፕሮቲን ፎስፌት እስከተለጠፈበት ድረስ አድራሻው ተሸፍኖ ውጭ ይቆያል። ነጭ የደም ሕዋስ ባዕድ ነገር ሲያገኝ በውስጡ ካልሲየም ይጨምራል፤ ካልሲኒዩሪን የተባለው ኢንዛይም ይነሳና ፎስፌቶቹን ይነቅላል፤ አድራሻው ይገለጣል፣ ኤንፋትም ወደ ኒውክለስ ይገባል። የሌላ ሰው ኩላሊት የተተከለላቸው ሕሙማን የሚወስዱት ሳይክሎስፖሪን የሚያግደው ካልሲኒዩሪንን ነው፤ በሌላ አነጋገር መድኃኒቱ አንድን ፕሮቲን ከኒውክለስ ደጃፍ በማስቀረት ሰውነት አዲሱን ኩላሊት እንዳይቃወም ያደርጋል።

ሕዋስ ሲከፈል ሽፋኑ ስለሚፈርስ ራን ሥራ ይፈታል?

አይፈታም። አር ሲ ሲ 1 ክሮሞሶሞቹ ላይ እንደተጣበቀ ስለሚቀር፣ ሽፋን በሌለበት ጊዜም ጂ ቲ ፒ የያዘ ራን በክሮሞሶሞቹ ዙሪያ ይበዛል፣ ከእነሱ በራቁ ቁጥር ደግሞ ይቀንሳል። እዚያም ያው ሥራውን ይሠራል፤ ክሮሞሶሞቹን የሚጎትቱትን ክሮች የሚያሠሩ ፕሮቲኖችን ከኢምፖርቲን እጅ ያስለቅቃል። ሕዋሱ ክሮሞሶሞቹ የት እንዳሉ የሚያውቅበት አንዱ መንገድ ይህ ነው።

የዚህ ስርዓት መበላሸት በሽታ ያስከትላል?

አሚዮትሮፊክ ላተራል ስክለሮሲስ በተባለው፣ እንቅስቃሴን የሚያዙ ነርቮችን በሚያመነምነው በሽታ ላይ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጡ ጥናቶች፣ በበሽታው በዘር የሚተላለፍ አንድ ዓይነት ላይ የኒውክለስ ምልልስ እንደሚታወክና ራንጋፕም እንደሚነካ አሳይተዋል። ይህ ሕክምና ተገኘለት ማለት አይደለም።

አር ኤን ኤ ሁሉ በራን አማካይነት ይወጣል?

አይወጣም። አሚኖ አሲድ ወደ ራይቦሶም የሚያደርሰው አር ኤን ኤ ራሱን የቻለ ኤክስፖርቲንና ጂ ቲ ፒ የያዘ ራን ይፈልጋል፤ አብዛኛው መልእክተኛ አር ኤን ኤ ግን ራን በማያስፈልጋቸው ሌሎች አጓጓዦች ይወጣል፤ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያደርገውም በቀዳዳው ውጫዊ ገጽ ላይ የተቀመጠ፣ ኤ ቲ ፒ (የጂ ቲ ፒ ዘመድ የሆነ ኃይል ያዥ ሞለኪውል) የሚጠቀም ኢንዛይም ነው፤ ኢንዛይሙ መልእክተኛው ብቅ ሲል አጓጓዡን ከላዩ ላይ ይነቅልበታል።